ግድግዳው ሲከፈት

ቧንቧውን ስከፍተው አምፖሉ ይጠቅሳል፤
አምፖሉን ሳጠፋው ቧንቧው ያለቅሳል።
ሠላሳ አራት ዓመት ልጆች ሳስተምር፣
ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ የወንዙን ሁሉ ነገር
በጠመኔ ስዬ፣
አንዱን ቀጭን ወንዝ አላውቀውም ነበር፣
በገዛ ግድግዳዬ።

ሶሎላኪ ላይ ነው፤ ቤቱም የቆየ ነው፣
የእንጨት ሰገነቱ ወደ ጓሮው ያዘመመው።
ላማራ ከሥሬ፣ ጣሪያዋ ሲረጥብ፣
መጥረጊያዋን ገልብጣ ወለሌን ስትደበድብ፦
«ናኑሊ! ዘነበ!»
ፎቁ ሁሉ ነቅቶ ደጄ ተሰበሰበ።

መጀመሪያ የመጣው ጎቻ የሚሉት ነው፤
ጣቱ ሁሉ ጠባሳ፣ አንደበቱ መዶሻ ነው።
ሰላምታ አላበዛ፣ ጫማ አላወለቀ፤
የሳሎኑን ሶኬት ፈትቶ፣ ጎንበስ አለና ሣቀ።
«ይህንን የሠራው የቱ አህያ ነው?» አለ።
ባሌ ነው የሠራው። ቫዣ።
ፎቶው ከሶኬቱ በላይ የተሰቀለ።

በሩን አሳየሁት።
ለመጣበት እንኳ አንድ ላሪ አልሰጠሁት።
ደረጃውን ሲወርድ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦
«ቆጣሪውን ያጥፉና ይተኙ እንግዲያው፤
ውሃው አይደለም ችግርዎ፤ ሽቦው ነው።»

ሁለተኛው ቴሙር። እሱስ ጨዋ ሰው!
ጫማውን ደጅ ትቶ፣ ፎቶውን አየና
«እንዴት ያለ ፊት ነው!» ብሎ አደነቀው።
ወረቀት አወጣ፣ ዋጋ ደረደረ፤
ተማሪዬ ቢሆን፣ ለዚያ ለጽሕፈቱ አሥር ከአሥር ያገኝ ነበረ።
ቀብድ ግማሹን አለኝ፤ ቆጥሬ ሰጠሁት።
«ማክሰኞ» አለኝ። ማክሰኞን ጠበቅሁት።
ሐሙስ ደወልኩለት፦ እናቱ ታማለች።
ሰኞ ደወልኩለት፦ መኪናው ቆማለች።
በሦስተኛው ሳምንት
እናቱ መኪና ሆና፣ መኪናው ታማ፣
ስልኩም ዝም አለ።
ውሃ ሊሠራ መጥቶ
የውሃ ሽታ ሆነ፣ ቀብዴን ይዞ ጠፍቶ።

በዚያው ሌሊት ነበር ግድግዳው የጨሰው፤
ሽታው የተቃጠለ ፀጉር የሚመስለው።
ቆጣሪውን አጠፋሁ፣ ጎቻ እንዳለው አድርጌ፣
በዳበሳ ሄጄ ሻማዬን ፈልጌ፣
እስኪነጋ ድረስ ከቫዣ ጋር ተያየሁ።
ጧት ለጎቻ ደወልኩ።
ይቅርታ አልጠየቅሁት።
«ና» ብቻ ነበር ያልኩት።

ልስኑን በመሮ ቀስ አድርጎ አነሣው፤
ከአበባው ወረቀት ሥር ጡቡ ሲታየው
እጁን ሰበሰበ።
ቧንቧው ላይ ተጠምጥሞ፣ እንደ ሐረግ ወጥቶ፣
በሐኪም ፕላስተር አሥር ቦታ ታስሮ፣ ተጎትቶ፣
ቀይ ሽቦ፤
በላማራ ጣሪያ፣ በደረጃው ዞሮ፣
ከጎን ዳቦ ቤቱ የተሰረቀ ኑሮ።

ያ የጨለማው ክረምት ያኔ ታወሰኝ፦
ከተማው እንዳለ ጠፍቶ፣
ልጃችን ኤካ ስትስል፣ ውርጩ ሲያንቀጠቅጠኝ፣
ቫዣ ጓንት ሳይኖረው፣ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ፣
ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ፣ አንዲት አምፖል ለኩሶ፣
«ብርሃን ይሁን» ብሎ ቀለደ፤ ሣቅን።
ከቧንቧ ማሠሩን ማን ያየዋል ያን ቀን?
የጥርስ ሐኪም እኮ ነው፤
ቀዳዳ መድፈን ነው እሱ የሚያውቀው።

«አህያ» እስኪለው ቆሜ ጠበቅሁ ደግሞ።
ጎቻ ፕላስተሩን በአውራ ጣቱ ዳሶ፣ ለጥቂት ዝም ብሎ ቆሞ፣
«በርዶት ነበር» አለ።
ሌላ ቃል ሳይጨምር ሽቦውን ነጠለ።

ሦስት ቀን ሠራ። ሾርባዬ ውስጥ ሳይቀር አቧራ።
ሁለት ሰድር ሰበረ፤ ጫማውን አሁንም አላወለቀም፤
ሂሳቡን ሲነግረኝ ጮህኩ፤ እሱም ጮኸ፤
አንዲት ላሪ አልቀነሰም።
ላማራ ጠየቀችኝ፦ «ሰውዬው ደህና ነው?»
«ባለጌ ነው» አልኳት፤ «ስልኩን ልስጥሽ፣ ያዢው።»

ማታ ሳህን ላጥብ ቧንቧውን ከፈትኩት።
ውሃው ወረደ።
አምፖሉን ቀና ብዬ አየሁት፤
ቀጥ ብሎ በራ፤ አልጠቀሰኝ።
እውነቱን ልናገር?
ትንሽ ቅር አለኝ።